በባንኮክ ማታ መውጣትና በበዓላት መገኘት፦ ከመመለሻው የሚጀምር መመሪያ

ለዕቃ ግዥ ወደ ባንኮክ የሚመላለሱ ነጋዴዎችና ታማሚ ይዘው የሚመጡ አስታማሚዎች ሥራቸው ቀለል ባለላቸው ዕለት የሚጠይቁኝ ጥያቄ አንድ ነው፤ «ማታ የት እንሂድ?» ይሉኛል። «እንዴት እንመለስ?» የሚለው ግን የሚመጣው ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ፣ በስልክ፣ ስሙ ከማይታወቅ መንገድ ዳር ነው። ስለዚህ ይህ መመሪያ ከጫፉ ይጀምራል፤ መጀመሪያ መመለሻው ይወሰናል፣ መውጫው በእርሱ ልክ ይቆረጣል። የቪዛ ጉዳይ እዚህ አይነሳም።

ከዚህ በታች የተጠቀሱት ሰዓቶች የባንኮክ ሲሆኑ የተቆጠሩት በእኛ አቆጣጠር ነው። ባንኮክ አዲስ አበባን በ4 ሰዓት ትቀድማለች፤ ከቤተሰብ ጋር በስልክ ሲቀጣጠሩ ይህን ያስቡ።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ፓስፖርት ወይም ግልጽ ቅጂው። የመጠጥ ዕድሜ 20 ዓመት ስለሆነ የዳንስ ቤት በረኛ ዕድሜ ይጠይቃል። አንዳንዱ ቤት ቅጂ አይቀበልም፤ ዋናውን ይዘው ከወጡ የሚዘጋ ኪስ ውስጥ ይሁን።
- የሆቴልዎ ስምና አድራሻ በታይ ፊደል የተጻፈበት ካርድ። እንግዳ መቀበያው ላይ ይሰጥዎታል። ብዙ ሾፌሮች የላቲን ፊደል በቀላሉ አያነቡም፤ ቢያነቡም የጎዳናው ስም አጠራር ከአጻጻፉ ስለሚለይ አይግባቡም።
- ባለ 20፣ ባለ 50 እና ባለ 100 ባት ኖቶች። ባለ 1000 ባት ይዞ ታክሲ መግባት «ዝርዝር የለኝም» ለሚል ሾፌር ግብዣ ነው።
- የአገሩ ሲም ካርድ የገባበትና ባትሪው የሞላ ስልክ፣ በውስጡም ግራብ ወይም ቦልት የተባለው የታክሲ መጥሪያ መተግበሪያ ተጭኖ፣ ቀን ላይ ተሞክሮ።
- ጣቱ የተሸፈነ ጫማ። በክረምት ወራት (በአውሮፓ ከግንቦት እስከ ጥቅምት) ድንገተኛ ዝናብ መንገዱን በደቂቃዎች ውስጥ በውኃ ስለሚሞላ ቶሎ የሚደርቅ ዓይነት ይሁን።
- ለሶንግክራን በዓል (ለታይ አዲስ ዓመት) ብቻ፦ ውኃ የማያስገባ የስልክና የገንዘብ ከረጢት፣ የዓይን መከላከያ መነጽር፣ ጠቆር ያለ ቀለም ልብስ።

ማስጠንቀቂያ፦ ጫት ይዘው አይምጡ። በውስጡ ያለው ካቲኖን በዓለም አቀፍ ስምምነት ቁጥጥር የሚደረግበት ንጥረ ነገር ስለሆነ «በአገሬ የተለመደ ነው» የሚለው ቃል አያድንዎትም። የኤሌክትሪክ ሲጋራም በታይላንድ ሕገወጥ ነው፤ መንገድ ላይ ሲሸጥ ቢያዩትም አይታለሉ። ፖሊስ በምሽት ቤቶች ድንገት ገብቶ የሽንት ምርመራ የሚያደርግበት ጊዜ አለ።

አካሄዱ

1. መመለሻዎን ይወስኑ።

የከተማው ሰማይ ባቡር (ቢቲኤስ) እና የምድር ውስጥ ባቡሩ (ኤምአርቲ) የሚያቆሙት ከሌሊቱ 6 ሰዓት ገደማ ነው። ይህ ማለት ግን በ6 ሰዓት ጣቢያ መድረስ ይበቃል ማለት አይደለም፤ የመጨረሻው ባቡር ከእያንዳንዱ ጣቢያ የሚነሳበት ሰዓት ይለያያል፣ መስመር መቀየር ካለብዎት ደግሞ ሁለተኛው ሳይጠብቅዎት ይሄዳል። ከ5 ሰዓት ተኩል በፊት መድረክ ላይ ይገኙ። በባቡር ከተመለሱ የሌሊቱ ወጪ ከ100 ባት በታች ይሆናል፤ ካለፈ በታክሲ ነው፤ ሦስተኛ ምርጫ የለም። በወንዝና በቦይ የሚሄዱት የሕዝብ ጀልባዎች ቀድመው ስለሚያቆሙ ለመሄጃ እንጂ ለመመለሻ አይቁጠሯቸው።

አብረው የሚወጡት ሰዎች ከሁለት በላይ ከሆኑ፣ ቢጠፋፉ የሚገናኙበትን ቦታ ከመውጣትዎ በፊት ይስማሙ። ቦታው የባቡር ጣቢያ መውጫ ቁጥር ይሁን (ለምሳሌ «ሳላ ዴንግ፣ መውጫ 2»)፤ የቡና ቤት ስም አይሁን፤ ቡና ቤቱ ከተዘጋ በኋላ ምልክቱ ይጠፋልና።

2. ሰዓቱን በታዮቹ አቆጣጠር ይረዱ።

እዚህ ላይ ለእኛ የተመቸ ነገር አለ። ታዮች በንግግር ማታን የሚቆጥሩት ልክ እንደ እኛ ከ1 ጀምረው ነው። የእኛ ከምሽቱ 2 ሰዓት ለእነርሱ «ሶንግ ቱም» ይባላል፤ ሶንግ ሁለት ማለት ነው። 3 ሰዓት «ሳም ቱም»፣ 4 ሰዓት «ሲ ቱም»፣ 5 ሰዓት «ሃ ቱም» ነው። ፈረንጅ የሚደናገርበትን እኛ ያለ ችግር እንግባባበታለን፤ ነገር ግን እስከ እኩለ ሌሊት ብቻ ነው። ከእኩለ ሌሊት በኋላ እንደገና ከ1 ይጀምራሉ፤ ስለዚህ «ቲ ሶንግ» ያለዎት ሰው የሚናገረው ስለ እኛ 8 ሰዓት ነው። በጽሑፍ የሚታተመው ደግሞ በ24 ሰዓት አቆጣጠር ነው፤ ቲኬት ላይ 20.00 ካለ የእኛ 2 ሰዓት ማታ ነው። በዚያው ቲኬት ላይ ዓመቱ 2569 ተብሎ ቢያዩ አይደንግጡ፤ የቡድሃ ዘመን ከአውሮፓው በ543 ይቀድማል።

ይህ የሚጠቅመው የመዝጊያ ሰዓት ሲጠይቁ ነው። ምሽት ቤቶች በመደበኛው የሚዘጉት ከሌሊቱ 8 ሰዓት ሲሆን፣ ከዲሴምበር 2023 አጋማሽ ጀምሮ ባንኮክን ጨምሮ በተወሰኑ አካባቢዎች ፈቃድ ያላቸው ቤቶች እስከ 10 ሰዓት እንዲቆዩ ተፈቅዷል። ፈቃዱ ለሁሉም ቤት ስላልሆነ ሲገቡ ይጠይቁ። ሱቆች ከሌሊቱ 6 ሰዓት በኋላ አልኮል አይሸጡም፤ የቀኑ ክልከላ ደግሞ በየጊዜው ስለሚሻሻል ሰቨን ኢለቨን በተባሉት ትንንሽ ሱቆች ውስጥ ማቀዝቀዣው ተጋርዶ ካዩ ምክንያቱ ይኸው ነው፤ ከሻጩ ጋር አይከራከሩ።

3. ገንዘቡን ቀን ላይ ይመንዝሩ።

ብር እዚህ አይመነዘርም፤ ዶላር ይዘው ይምጡ። ባለ 100 ዶላር፣ ያልታጠፈና ያልተጻፈበት ኖት ከትንንሾቹ የተሻለ ዋጋ ያወጣል። በፕራቱናምና በራትቻዳምሪ አካባቢ ያሉት መንዛሪዎች ከአየር ማረፊያው የተሻለ ይሰጣሉ፤ ነገር ግን ማታ ይዘጋሉ። ማታ የሚቀርዎት ኤቲኤም ነው፤ በውጭ አገር ካርድ ባወጡ ቁጥር የታይ ባንኮች 220 ባት ገደማ ወይም ከዚያ በላይ ይቆርጣሉ። ለሌሊቱ የመደቡትን ብቻ ይዘው ሌላውን የሆቴሉ ካዝና ውስጥ ይተዉት፤ ምክንያቱም ከዚህ በታች የተዘረዘሩት ማጭበርበሪያዎች ሁሉ የሚለኩት በኪስዎ ልክ ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ ሳንቲም ወይም ኖት ቢወድቅብዎት በእግርዎ ረግጠው አያቁሙት። የንጉሡ ምስል አለበት። በወንጀለኛ መቅጫ ሕጉ አንቀጽ 112 መሠረት ንጉሡን፣ ንግሥቲቱን ወይም አልጋ ወራሹን መስደብ ወይም ስማቸውን ማጥፋት ከ3 እስከ 15 ዓመት ያሳስራል፤ ጨዋታ ላይም ቢሆን የንጉሡን ነገር አያንሱ።

4. ሰፈር ይምረጡ፣ በመመለሻው መዝነው።

«የትኛው ይሻላል?» ለሚለው የምሰጠው መልስ በጣቢያው ርቀት ላይ የተመሠረተ ነው።

ያዋራት፣ ማለትም ቻይና ታውን፣ ለመጀመሪያ ማታ የተሻለው ነው። በ2019 የተከፈተው ዋት ማንግኮን የተባለው የምድር ውስጥ ባቡር ጣቢያ ከመንገዱ በእግር የጥቂት ደቂቃ መንገድ ላይ ነው። ከምሽቱ 12 ሰዓት ገደማ ጀምሮ ሻጮች ምድጃቸውን የእግረኛ መንገዱ ላይ ያወጣሉ፤ ወረፋ የረዘመበት ጋ መቆም አያከስርም። ሰኞ አይሂዱ፤ ብዙዎቹ የመንገድ ሻጮች ሰኞ ያርፋሉ።

የወንዙ ዳር ለአስታማሚ፣ ለሽማግሌና ልጅ ለያዘ ይመቻል። ሳፋን ታክሲን ከተባለው የቢቲኤስ ጣቢያ ሥር ካለው ሳቶን ወደብ ወደ አዚያቲክ (የወንዝ ዳር የምሽት ገበያ) እና ወደ አይኮንሳያም (ትልቅ የገበያ ሕንጻ) የሚወስዱ ነጻ ጀልባዎች አብዛኛውን ጊዜ አሉ። መቀመጫ አለ፣ ንጹሕ መጸዳጃ አለ፣ የሚጎትትዎት ደላላ የለም። አይኮንሳያም የራሱ የባቡር ጣቢያ ስላለው መመለሱም ቀላል ነው።

ካኦ ሳን የወጣቶችና የውጭ አገር መንገደኞች መንገድ ነው፤ ሙዚቃው ከሁለቱም ወገን እየተጋጨ ይጮኻል። ችግሩ አጠገቡ ባቡር የለም። መንገዱ አፍ ላይ የቆሙ ታክሲዎች ቆጣሪ ስለማይከፍቱ ወደ ራትቻዳምኖን ክላንግ ትልቁ ጎዳና ወጥተው የሚያልፍ ታክሲ ያስቁሙ፤ የጥቂት ደቂቃ እርምጃ ግማሹን ዋጋ ይቀንስልዎታል።

ቶንግሎና ኤካማይ የከተማው ሰዎች ራሳቸው የሚዝናኑባቸው ናቸው። በካርታ ጣቢያው ቅርብ ይመስላል፤ ነገር ግን ጣቢያው ያለው በጎዳናው አፍ ላይ ሲሆን ቤቶቹ ወደ ውስጥ ኪሎ ሜትሮች ይዘልቃሉ። የውስጡን መንገድ በሞተር ታክሲ (ብርቱካናማ ሰደርያ የለበሱት ናቸው) መሄድ ይቻላል፤ የራስ ቁር ካልሰጠዎት ግን አይሳፈሩ።

ፓትፖንግ፣ ሶይ ካውቦይና ናና ፕላዛ የወሲብ ንግድ የሚካሄድባቸው መሆናቸውን ቀድመው ይወቁ፤ እናቱን ለሕክምና ይዞ መጥቶ «መብራቱ ያምራል» ብሎ ወደ ሶይ ካውቦይ የወሰዳቸውን ሰው አውቃለሁ።

የምሽት ገበያዎች (ልብስ፣ ምግብ፣ ጌጣጌጥ በአንድ ሜዳ) ኪራያቸው ሲያልቅ ቦታ ይቀይራሉ። በዓምና ቪዲዮ ተመርተው አይሂዱ፤ የዚያን ሳምንት ካርታ ይዩ።

5. ሆድዎን በቅድሚያ ያስታግሱ፣ የማይበሉትንም ይናገሩ።

ባዶ ሆድ ላይ መጠጣት የትም ያው ነው፤ እዚህ ግን ሙቀቱ ይጨምርበታል። የአሳማ ሥጋ «ሙ» ይባላል፤ የማይበሉ ከሆነ «ማይ አው ሙ» ይበሉ፣ ወንድ ከሆኑ መጨረሻው ላይ «ክራፕ»፣ ሴት ከሆኑ «ካ» ይጨምሩ። ሚጥሚጣ ስለለመዱ የአገሩ ቃሪያ የሚበግርዎት አይመስልዎት ይሆናል፤ ለመጀመሪያ ጊዜ «ፔት ኒት ኖይ» (ትንሽ ብቻ የሚያቃጥል) ብሎ መጀመር ይሻላል። ጾመኛ ከሆኑ «አትክልት ብቻ» ማለት አይበቃም፤ የዓሣ መረቅና የሽሪምፕ ድልህ የማይገባበት ወጥ ጥቂት ነው። የሚረዳዎት ቃል «ጄ» ነው፤ ሥጋም፣ ዓሣም፣ እንቁላልም፣ ወተትም የሌለበት ማለት ሲሆን ስለ እርሱ ከታች በበዓሉ እመለስበታለሁ። ሃላል ለሚሹ በሱኩምቪት ጎዳና ሶይ 3 (ሶይ ከጎዳና የሚገባ ቅያስ ነው) አካባቢ ያለው የዓረብ ሰፈር ሌሊቱን ሙሉ ይበላበታል፤ እንጀራ የናፈቀውም የሚያገኘው እዚያው ዙሪያ ነው።

6. ከመቀመጥዎ በፊት ዋጋውን፣ ከመነሳትዎ በፊት ሒሳቡን ይዩ።

የምናሌ ዋጋ አጠገብ «++» የሚል ምልክት ካለ የአገልግሎት 10 በመቶና የተጨማሪ እሴት ታክስ 7 በመቶ ይታከልበታል ማለት ነው። በሕንጻ ጣሪያ ላይ ባለ ቡና ቤት አንድ መጠጥ 500++ ቢል፣ 500 ላይ 10 በመቶ ሲጨመር 550፣ በዚያ ላይ 7 በመቶ ሲጨመር 588 ባት ከ50 ሳንቲም ይሆናል። ለአራት ሰው አንዳንድ መጠጥ ብቻ ከ2350 ባት በላይ ነው። ጣሪያ ላይ መውጣት ካማረዎት አንድ መጠጥ ጀንበር ስትጠልቅ ጠጥተው ይውረዱ፤ ቁምጣ፣ ነጠላ ጫማና እጅጌ የሌለው ካናቴራ የለበሰ ወንድ ከሊፍቱ በር ይመለሳል።

ብዙ ቡና ቤቶች የጠጡትን ወረቀት በእያንዳንዱ ዙር ጠቅልለው ጠረጴዛዎ ላይ ያለች ኩባያ ውስጥ ይከቷታል። አዲስ ወረቀት በገባ ቁጥር አውጥተው ይዩት፤ ያላዘዙት ካለበት ወዲያውኑ ይናገሩ፤ ከአምስት ዙር በኋላ ማን ምን እንደጠጣ የሚያስታውስ የለም። ሒሳብ ለመጠየቅ «ቼክ ቢን» ማለት ይበቃል።

ማስጠንቀቂያ፦ በፓትፖንግ ዙሪያ «ትርዒት በ100 ባት» እያለ በፕላስቲክ የተለበጠ ካርድ የሚያሳይ ሰው ተከትለው ወደ ፎቅ አይውጡ። ዋጋው 100 የሆነው ለመግባት ነው፤ ለመውጣት ብዙ ሺህ ይጠየቃሉ፣ በሩም ላይ ሰው ይቆማል። ከገቡና ከተያዙ አይደባደቡ፤ «1155 እደውላለሁ» ብለው ስልክዎን ያውጡ፤ የቱሪስት ፖሊስ ቁጥር መሆኑን እነርሱም ያውቃሉ።

7. የሚጠጡትን ከጠርሙሱ ሲቀዳ ይዩ።

በነሐሴ 2016 (በአውሮፓ አቆጣጠር ኦገስት 2024) እዚሁ ባንኮክ ውስጥ «ያ ዶንግ» የተባለ በቅጠላ ቅጠል የተነከረ የመንገድ አረቄ ሜታኖል ተቀላቅሎበት ሰዎች ሞተዋል፣ ብዙዎችም ሆስፒታል ገብተዋል። ከመንገድ ዳር ብርሌ ለብርሌ የሚሸጥ አረቄ አይቅመሱ፤ ርካሽነቱ ነው አደጋው። በባልዲ የሚቀርበው የካኦ ሳን ቅልቅልም ምን እንደገባበት አይታወቅም፤ የታሸገ ቢራ የሚሻለው በዚህ ምክንያት ነው። ብርጭቆዎን ትተው መጸዳጃ ከሄዱ ሲመለሱ አዲስ ይዘዙ። ከጠጡ በኋላ ከባድ ራስ ምታት፣ የዕይታ መደብዘዝ ወይም የትንፋሽ ማጠር የተሰማው ሰው ካለ «ይተኛና ይሻለዋል» አይበሉ፤ 1669 አምቡላንስ ነው።

8. ይመለሱ።

ባዶ ታክሲ ከፊት መስታወቱ ቀይ መብራት ያለው ጽሑፍ ያበራል። ያስቁሙ፣ የሆቴሉን ካርድ ያሳዩ፣ ከመግባትዎ በፊት «ሚተ» ይበሉ። ቆጣሪው 35 ባት ላይ ሲነሳ አይተው ይቀመጡ። በቁርጥ ዋጋ የሚጠይቅ ከሆነ በሩን ቀስ ብለው ዘግተው ቀጣዩን ይጠብቁ፤ በዚህ ከተማ ቀጣይ ታክሲ ሁልጊዜ አለ። ዝናብ ከጣለ ግን ይህ ሕግ ይፈርሳል፤ ያኔ በመተግበሪያው ይጥሩ፣ ዋጋው ቢወደድም ቀድሞ የታወቀ ነው። ቱክቱክ (የእኛ ባጃጅ ዘመድ) ለአጭር መንገድና ለደስታ ጥሩ ነው፣ ቆጣሪ ስለሌለው ግን ሳይነሳ ዋጋ ይቁረጡ። «በ20 ባት ከተማውን ላሳይህ» የሚል ካጋጠመዎት መድረሻው የጌጣጌጥ ወይም የልብስ ስፌት ሱቅ ነው።

በበዓላት ጊዜ የሚለወጠው

ሶንግክራን

የታይ አዲስ ዓመት ከኤፕሪል 13 እስከ 15 ይከበራል፤ በእኛ ሚያዝያ 5፣ 6 እና 7 ማለት ነው፤ ከፋሲካ ጋር የሚቀራረብበት ዓመት ብዙ ነው። ነጋዴ ከሆኑ ይህን ክፍል ቀድመው ያንብቡ፤ የፕራቱናም ባለሱቆች ወደየክፍለ አገራቸው ስለሚሄዱ ብዙ ሱቆች ለቀናት ይዘጋሉ። በዚያ ሳምንት ዕቃ ለመግዛት ቲኬት የቆረጠ ሰው የሆቴል ኪራይ ብቻ ከፍሎ ይመለሳል። የቻይና አዲስ ዓመትም እንዲሁ ነው።

ሀ. ጠዋት ወደ ቤተ መቅደስ ይሂዱ። የበዓሉ ሥር ያለው እዚያ ነው፤ ሰዎች በቡድሃ ምስል ላይ መዓዛ ያለው ውኃ ያፈሳሉ፣ ወጣቶች በሽማግሌዎች መዳፍ ላይ ውኃ እያንጠባጠቡ ምርቃት ይቀበላሉ። ትከሻና ጉልበት የሚሸፍን ልብስ ይልበሱ።

ለ. ፓስፖርትዎን ሆቴል ይተዉት። አንድ ጊዜ «ፕላስቲክ ውስጥ ነው» ብዬ ይዤ ወጥቼ፣ ከረጢቱ በአንድ ጥግ ተቀድዶ ኖሮ፣ የገጾቹ ማኅተም ሁሉ ሰማያዊ ኩሬ ሆኖ አገኘሁት። ስልክና ጥቂት ገንዘብ አንገት ላይ በሚንጠለጠል ከረጢት ይሁኑ፤ ከረጢቱን ገዝተው መጀመሪያ ሶፍት ብቻ ከተውበት መታጠቢያ ገንዳ ውስጥ ይዝፈቁት። ሶፍቱ ከረጠበ ከረጢቱን ይጣሉት።

ሐ. ከሰዓት በኋላ ሲሎም ጎዳና ወይም ካኦ ሳን ይሂዱ። ለጀማሪ ሲሎም ይመረጣል፤ ባቡሩ ከላዩ ስለሚያልፍ ከመንገዱ በደረጃ መውጣት ይቻላል። ነገር ግን ሕዝቡ ከመጠን በላይ ሲሞላ ደረጃው ላይ መጨናነቅ ይፈጠራል፤ እንዲህ ከሆነ በእግር ወደ ሚቀጥለው ጣቢያ ይሂዱ። ውኃ መርጫ መሣሪያዎን ጣቢያ ከመግባትዎ በፊት ያፍስሱት፤ ባቡር ውስጥ ውኃ መጫወት ክልክል ነው።

መ. መነኩሴ፣ ሽማግሌ፣ ሕፃንና ሞተር ብስክሌት የሚነዳ ሰው ላይ ውኃ አይርጩ። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ነውር ስለሆነ ነው፤ አራተኛው ሰው ስለሚገድል ነው። ታዮች የበዓሉን ሰሞን «ሰባቱ አደገኛ ቀናት» የሚሉት በመኪናና በሞተር አደጋ ምክንያት ነው፤ እርስዎም በዚያ ሳምንት በሞተር ታክሲ አይሳፈሩ።

ሠ. ነጭ ልብስ አይልበሱ፤ ሲረጥብ ያጋልጣል። ከቦይ የተቀዳ ውኃ ዓይን ስለሚያቆስል መነጽሩን አያውልቁ። ሙቀቱ ከ35 ዲግሪ በላይ ስለሚሆንና ሰውነትዎ ረጥቦ ስለሚውል ውኃ ጥም አይሰማዎትም፤ ሳይጠማዎት ይጠጡ።

ሎይ ክራቶንግ

በታይ የጨረቃ አቆጣጠር በ12ኛው ወር ሙሉ ጨረቃ ሌሊት፣ አብዛኛውን ጊዜ በኖቬምበር ይውላል፤ የእኛ ጥቅምት መጨረሻ ወይም ኅዳር ነው። ክራቶንግ ከሙዝ ግንድ ቁራጭ ላይ የሙዝ ቅጠል እየታጠፈ የሚሠራ ትንሽ ታንኳ ነው፤ አበባ፣ ሻማና ሦስት እንጨት ዕጣን ይሰካበታል። ሰዎች የውኃዋን እናት ይቅርታ እየጠየቁና እያመሰገኑ ይለቁታል። ሃይማኖትዎ የማይፈቅድልዎት ከሆነ ቆሞ ማየት ማንንም አያስቀይምም።

ለመልቀቅ ከወሰኑ ከሙዝ ግንድ የተሠራውን ይግዙ። የፎም አይግዙ፤ አይበሰብስም፣ በማግስቱ የከተማው ሠራተኞች ከወንዙ በእጅ ይለቅሙታል። ከዳቦ የተሠራውም «ለዓሣ ነው» እየተባለ ቢሸጥም በብዛት ሲሟሟ ውኃውን ያበላሻል። ሻማውንና ዕጣኑን የሚያቀጣጥሉት ውኃው ዳር ከደረሱ በኋላ ነው፤ በሕዝቡ መካከል እሳት ይዞ መጋፋት የሰው ፀጉር ያስይዛል። ተንበርክከው ወደ ግንባርዎ ከፍ ያድርጉት፣ ከዚያ ሁለት እጅዎን ውኃው ድረስ አውርደው ይልቀቁት፤ ከላይ ከጣሉት ይገለበጣል።

ማስጠንቀቂያ፦ ተንሳፋፊ መድረክ ላይ ሰው ከተጠቀጠቀ አይውረዱ። በመናፈሻ ኩሬ (ሉምፒኒ ወይም ቤንጃኪቲ) መልቀቅ ልጅ ለያዘ ይሻላል፤ ውኃው አይወስድም።

የጄ በዓል

በቻይና አቆጣጠር በ9ኛው ወር የመጀመሪያዎቹ ዘጠኝ ቀናት፣ በመስከረምና በጥቅምት መካከል፣ ያዋራት በቢጫ ባንዲራ ትሸፈናለች። ባንዲራው ላይ ያለው ቀይ ጽሑፍ ለእኛ ዓይን 17 ቁጥርን ይመስላል፤ እርሱ «ጄ» የሚለው ቃል ነው። ያ ባንዲራ የተሰቀለበት ምግብ ሁሉ የጾም ነው፤ ነጭ ሽንኩርትና ቀይ ሽንኩርት እንኳ አይገባበትም። ብዙ ጊዜ ከጽጌ ጾም ጋር ስለሚገጥም ለጾመኛ ከዚህ የተሻለ ሰሞን በባንኮክ የለም። አንድ ምጣድ ላይ ጄ እና ሥጋ አብሮ የሚጠብስ ካዩ ይለፉት፤ ባንዲራውን ለገበያ የሰቀለው ነው።

የመጠጥ ሽያጭ የሚገደብባቸው ቀናት

ማካ ቡቻ፣ ቪሳካ ቡቻ፣ አሳላ ቡቻ፣ ካኦ ፓንሳና ኦክ ፓንሳ የተባሉት የቡድሃ በዓላት በጨረቃ ስለሚቆጠሩ ቀናቸው በየዓመቱ ይለዋወጣል። በእነዚህ ቀናትና በምርጫ ዋዜማ የአልኮል ሽያጭ ይገደባል፤ የማይከፍቱ ምሽት ቤቶችም አሉ። የሚመጡበትን ሳምንት ከእነዚህ ጋር ካላመሳከሩ፣ ለብቸኛዋ ነጻ ማታዎ የተዘጋ በር ሊያገኙ ይችላሉ።

ደጋግሜ የማያቸው ስሕተቶች

«ናና እንገናኝ» ማለት። ሁለት ናና አለ፤ አንዱ በሱኩምቪት የቢቲኤስ ጣቢያ ያለው ነው፣ ሌላው በቻይና ታውን ሁዋ ላምፎንግ አጠገብ ያለች ጠባብ ሶይ ናት። አንድ ጓደኛዬን እንዲህ ብዬው እኔ በአንዱ እርሱ በሌላው አንድ ሰዓት ሙሉ ተጠባብቀናል፤ ሁለታችንም «ደርሻለሁ» እያልን።

የሶይ ቁጥሮች ፊት ለፊት የሚተያዩ መምሰላቸው። በሱኩምቪት ጎዶሎ ቁጥሮች በአንድ ወገን፣ ሙሉ ቁጥሮች በሌላው ወገን ሲሆኑ እኩል አይሄዱም፤ ሶይ 33 ፊት ለፊት ሶይ 34ን ቢፈልጉ አያገኙትም። በካርታው ይሂዱ።

በሎይ ክራቶንግ የሰማይ ፋኖስ ባንኮክ ውስጥ መፈለግ። በፎቶ የሚያዩት የፋኖስ ጎርፍ የሰሜኑ የቺያንግ ማይ ነው፤ ባንኮክ ላይ መልቀቅ የተከለከለ ነው።

በሶንግክራን የተበጠበጠ ጠመኔ ወይም ዱቄት በሰው ፊት መቀባት። የድሮ ልማድ ቢሆንም ባለሥልጣናቱ በሚያዘጋጇቸው ቦታዎች ይከለክሉታል፤ ሴቶችን ለመነካካት ሰበብ ስለሆነም ፖሊስ በቀልድ አያየውም።

የት እንዳሉ ካላወቁ

ስልክዎ ቢጠፋ ወይም መንገዱ ቢምታታብዎት ጨለማ ሶይ ውስጥ ወደ ፊት አይሂዱ። ሰቨን ኢለቨን ሌሊቱን ሙሉ ክፍት ነው፣ ከአንዱ ወደ ሌላው ብዙ አይርቅም። ይግቡ፣ አንድ ውኃ ይግዙ፣ የሆቴሉን ካርድ ለገንዘብ ተቀባዩ ያሳዩና «ታክሲ» ይበሉ። ስልክ ካለዎት መተግበሪያውን ከፍተው ሾፌሩ ሲደውል ስልኩን ለገንዘብ ተቀባዩ ያቀብሉት፤ ያሉበትን ቅርንጫፍ ስም በታይኛ ነግሮልዎ ስልኩን ይመልስልዎታል። ፖሊስ ከፈለጉ 191፣ በእንግሊዝኛ የሚያናግር ከፈለጉ 1155 ይደውሉ።